እንዴት ይሠራል? ቡና የሚለቅመው ካሜራ፣ ኖይዝና ባፈር

አንድ ጥሬ የቡና ፍሬ ከግማሽ ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ 3 ሜትር ያህል ነው። ለውጭ ገበያ የሚሄድ ቡና በሚዘጋጅባቸው መጋዘኖች ያሉት የቀለም መለያ ማሽኖች ሥራቸውን ጀምረው የሚጨርሱት በዚህች አጭር ውድቀት ውስጥ ነው። ቡናው ከላይ ካለው ቋት በንዝረት እየተገፋ ይመጣል፣ በአሸንዳ ይንሸራተታል፣ ከአሸንዳው አፍ ወጥቶ በባዶ አየር ይወርዳል። እዚያች ክፍት ቦታ ላይ ካሜራ ከፊትም ከኋላም ይጠብቀዋል። ከካሜራው ዝቅ ብሎ የታመቀ አየር የሚተፉ ቀጫጭን አፍንጫዎች በረድፍ ተደርድረዋል። ጥቁር፣ የኮመጠጠ ወይም ነፍሳት የበሱት ፍሬ ሲያልፍ ቫልቩ ለቅጽበት ተከፍቶ ይዘጋል፤ አየሩ ያንን ፍሬ ገፍቶ ከመንገዱ ያስወጣዋል። ጤነኛው ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ካሜራው የሚያይበት ቦታና የአየሩ አፍንጫ በ15 ሴንቲሜትር ይራራቃሉ እንበል። ፍሬው ይህን ርቀት የሚያቋርጠው በ45 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፤ ሴኮንድን ለ20 ብንከፍለው ከአንዱ ክፋይ ያነሰ ጊዜ ማለት ነው። ምስሉ መነሳት፣ መጽዳትና መመርመር፣ ውሳኔውም ቫልቩ ዘንድ መድረስ ያለበት በዚያ ውስጥ ነው። ይህ እንዴት ይቻላል? መልሱን ለማግኘት ሁለት ነገሮችን መረዳት ያስፈልጋል። አንደኛው ምስልን የሚያቆሽሸው ኖይዝ፣ ሁለተኛው ምስልን ለጊዜው የሚያቆየው ባፈር ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በየፊናቸው ይነገራሉ፤ ማሽኑ ውስጥ ግን አንዱ የሌላውን ጊዜ እየተሻማ ነው የሚኖረው።

ካሜራው እኛ እንደለመድነው አራት ማዕዘን ፎቶ አያነሳም። አንድ ጊዜ ሲያይ የሚያየው አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ ቡናው ራሱ እየወደቀ ስለሚያልፍለት መስመር በመስመር እየደረበ ሙሉውን ምስል ይሠራል። በፍሬው ላይ ያለውን ጉድለት ለማየት እያንዳንዱ መስመር የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 0.1 ሚሊሜትር መሆን አለበት ብንል፣ ፍሬው በሴኮንድ 3 ሜትር ስለሚጓዝ ካሜራው በሴኮንድ 30,000 መስመር ማንሳት ይኖርበታል። ለአንዱ መስመር ብርሃን ለመቀበል የሚተርፈው ጊዜ ቢበዛ 33 ማይክሮሴኮንድ ነው። ሞባይላችን ማታ ቤት ውስጥ ፎቶ ሲያነሳ ሴንሰሩ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሴኮንድ አንድ ሠላሳኛ ያህል ነው። የቡናው ካሜራ ያለው ጊዜ የዚህ አንድ ሺህኛ ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ብርሃን የሚደርሰን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ተከፋፍሎ ነው። ቅንጣቶቹ ደግሞ ሥርዓት ይዘው፣ ተራ ጠብቀው አይመጡም። ክረምት ላይ ግቢ ውስጥ ሲኒዎች ደርድረን ዝናብ ለአፍታ ዘንቦ ቢያባራ፣ አንዱ ሲኒ ውስጥ 9 ጠብታ፣ ከጎኑ ባለው 14፣ በሦስተኛው 6 እናገኛለን። ዝናቡ ግቢው ላይ ሁሉ እኩል ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው የጠብታዎቹ ጥቂትነት ነው። ሙሉ ሰዓት ቢዘንብ ሲኒዎቹ ሁሉ እኩል የሞሉ ይመስላሉ። በሴንሰሩ ላይ ያሉት ፒክስል የተባሉ ደቃቅ ብርሃን ተቀባዮችም እንዲሁ ናቸው። ፎቶን ሲወድቅባቸው ኤሌክትሮን ይሰበስባሉ፤ የተሰበሰበው ቁጥር ግን ከፒክስል ፒክስል ይዋልላል።

ይህ መዋለል የታወቀ ሕግ አለው፦ ከተሰበሰበው ብዛት ስኩዌር ሩት ጋር እኩል ነው። አንድ ፒክስል በአማካይ 100 ኤሌክትሮን ቢሰበስብ መዋለሉ 10 ነው፤ ከመቶ 10 ማለት ነው። 10,000 ቢሰበስብ መዋለሉ 100 ነው፤ ከመቶ 1 ብቻ። በጤነኛውና በኮመጠጠው ፍሬ መካከል ያለው የድምቀት ልዩነት ከመቶ 5 ቢሆን፣ በመጀመሪያው ሁኔታ ልዩነቱ በመዋለሉ ውስጥ ይሰወራል፤ በሁለተኛው ግን ጎልቶ ይወጣል። ፍሬው ያው ፍሬ ነው፣ ካሜራውም ያው ካሜራ ነው። የተለወጠው የብርሃኑ መጠን ብቻ ነው። በዓለም ላይ ውድ የተባለው ሴንሰርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ ምክንያቱም መዋለሉ የመጣው ከራሱ ከብርሃኑ ነው።

ይህን ጠረጴዛዎ ላይ ማየት ይችላሉ። ጥቂት ጥሬ ቡና ነጭ ወረቀት ላይ ያፍስሱ። የሞባይልዎ ካሜራ ፕሮ የሚል ምርጫ ካለው ይክፈቱት። ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ አይኤስኦውን 100 አድርገው አንድ ፎቶ ያንሱ። ማታ በአንድ አምፖል ብቻ አይኤስኦውን 3200 አድርገው ይድገሙት። ከዚያ ሁለቱንም ፎቶዎች እስከ መጨረሻው ያጉሏቸውና ቡናውን ትተው ወረቀቱን ይመልከቱ። ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነጭ ነው፤ የማታው ፎቶ ላይ ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ደቃቅ ነጠብጣብ የተረጨበት ይመስላል። ኖይዝ ማለት ይኸው ነው። አይኤስኦን ከፍ ማድረግ ለሴንሰሩ ተጨማሪ ብርሃን አያመጣለትም፤ የተሰበሰበውን ጥቂት ኤሌክትሮን ነው የሚያባዛው። ኖይዙም አብሮ ይባዛል። የፋብሪካ ካሜራ ላይ ይህ ማባዣ ጌይን ይባላል፣ የሚለካውም በዴሲቤል ነው፤ 6 ዴሲቤል በጨመርን ቁጥር ምስሉ በእጥፍ ይደምቃል፣ ከኖይዙ ግን አንዳች አይቀንስም።

ከብርሃኑ ሌላ ካሜራው ራሱ የሚያመጣው ኖይዝም አለ። አንድ ፒክስል አዲስ መስመር ከማንሳቱ በፊት የቀድሞውን ኤሌክትሮን ማራገፍ አለበት፤ ሲራገፍ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ቅሪት ይኖራል፣ ቅሪቱም በየጊዜው ይለያያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ማርቪን ዋይትና ባልደረቦቹ በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ የደረሱበት መላ ቀላልና ግሩም ነው። ፒክስሉ እንደተራገፈ ቅሪቱን ለክቶ መያዝ፣ ብርሃኑን ከተቀበለ በኋላ እንደገና መለካት፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው መቀነስ። ቅሪቱ በሁለቱም ልኬት ውስጥ ስላለ እርስ በርሱ ይጣፋል። ዛሬ በእጅ ስልካችን ካሜራ ውስጥ ሳይቀር የዚህ መላ ዝርያ ይሠራል። የመጀመሪያው ልኬት ሁለተኛው እስኪመጣ የሆነ ቦታ መቆየት እንዳለበት ልብ ይበሉ። ባፈር ገና እዚህ ላይ፣ ምስሉ ከመወለዱ በፊት፣ ሥራ ጀምሯል።

ሙቀትም ያለ ብርሃን ኤሌክትሮን ያመነጫል። የሴንሰሩ ሙቀት ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ፍሰት በእጥፍ ገደማ ያድጋል፤ ለረጅም ጊዜ ሰማይን የሚያነሱ የሥነ ፈለክ ካሜራዎች የሚቀዘቅዙት በዚህ ምክንያት ነው። በ33 ማይክሮሴኮንድ ግን የሚጠራቀመው ኢምንት ስለሆነ የቡናው ካሜራ ብዙም አይጨነቅበትም።

ይልቅ የሚያስጨንቀው አቧራ ነው። ቡና ሲንቀሳቀስ ገለባና ብናኝ ያነሳል፤ ብናኙ ካሜራው ፊት ባለው መስታወት ላይ ያርፋል። እንደ ሞባይል ባለ ካሜራ አንዲት የአቧራ ቅንጣት አንድ ነጥብ ብቻ ታጠቁር ነበር። መስመር በመስመር በሚያነሳ ካሜራ ግን ያቺው ቅንጣት በእያንዳንዱ መስመር ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ስለምትደገም ምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሰንበር ታሰምራለች። በዚያ ሰንበር ሥር የሚያልፍ ጤነኛ ፍሬ ሁሉ ሊጠረጠር ይችላል። ብዙ ማሽኖች መስታወቱን በየተወሰነ ጊዜ የሚወለውል መጥረጊያ የተገጠመላቸው ለዚህ ነው። ከተወለወለ በኋላ ካሜራው ነጭ ማመሳከሪያ ያያል፣ እያንዳንዱ ፒክስልም የራሱ ማስተካከያ ቁጥር ይሰጠዋል። ከጎረቤቱ ያነሰ የሚያይ ፒክስል ከፍ ይደረጋል፣ የበለጠ የሚያየው ዝቅ ይደረጋል። ይህ ዓይነቱ ኖይዝ ቦታውን ስለማይለውጥ አንዴ ካወቁት ሂሳቡን መዝጋት ቀላል ነው።

መብራቱም ራሱ ኖይዝ ሊሆን ይችላል። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ በ50 ኸርዝ የሚሠራ ስለሆነ በቀጥታ ከእሱ የሚበሩ ብዙ መብራቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይናችን አያየውም፤ ሞባይልዎን ስሎው ሞሽን ላይ አድርገው አምፖል ቢቀርጹ ግን ሲርገበገብ ሊያዩት ይችላሉ። በሴኮንድ 30,000 መስመር ለሚያነሳ ካሜራ ይህ መርገብገብ በምስሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ጭረት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የማሽኑ ኤልኢዲ መብራቶች የሚበሩት በተስተካከለ ቀጥተኛ ኃይል ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ በሚልበት አካባቢ ይህን ኃይል የሚያስተካክለው ክፍል ከካሜራው ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል።

ካሜራ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ነው። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ጥያቄ መብራቱ ምን ያህል ነው መሆን አለበት። ብርሃኑን በአራት እጥፍ መጨመር ኖይዙን ከምስሉ አንጻር በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ይህንንም የሚያደርገው ከምስሉ ምንም ሳያጠፋ፣ ምንም ጊዜ ሳይወስድ ነው። ከዚህ በኋላ የምናነሳቸው ዘዴዎች ሁሉ ወይ ጊዜ ያስከፍላሉ፣ ወይ ከምስሉ ዝርዝር ይቀንሳሉ።

ጊዜ የሚያስከፍለው ዘዴ ማደማመር ነው። አንድን ነገር 16 ጊዜ አንስተን አማካዩን ብንወስድ ኖይዙ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሞባይላችን ማታ የተሻለ ፎቶ የሚያወጣልን በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙ ፎቶ በፍጥነት አንስቶ አንዱን በሌላው ላይ እያስተካከለ ይደራርባል። የሚወድቅ ቡና ግን ቆሞ አይጠብቅም። በሮለር ላይ ለሚያልፍ ጨርቅ፣ ወረቀት ወይም የመስኮት መስታወት ሌላ መላ አለ፦ ሴንሰሩ ላይ ብዙ ረድፎች ይኖራሉ፣ የተሰበሰበው ኤሌክትሮንም እቃው በሚጓዝበት ፍጥነት ልክ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተሸጋገረ ይደመራል። 64 ረድፍ ካለ የሚሰበሰበው ብርሃን 64 እጥፍ፣ የምስሉ ጥራት ከኖይዙ አንጻር 8 እጥፍ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ፍጥነቱ በትክክል ሲታወቅ ነው። እየፈጠነና እየተገላበጠ ለሚወርድ ፍሬ አይሆንም።

ዝርዝር የሚያስከፍለው ዘዴ ማጣሪያ ነው። ይህን ረጋ ብለን፣ በወረቀት ላይ እንየው፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የሂሳብ ደብተር፣ ባለ አራት ማዕዘን ክፍሉን፣ ይክፈቱ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ፒክስል ነው። የጤነኛው ፍሬ ድምቀት 120 አካባቢ ነው እንበል። ሦስት በሦስት የሆኑ ዘጠኝ ክፍሎች ውስጥ እነዚህን ቁጥሮች ይጻፉ፦ 118፣ 119፣ 120፣ 120፣ 121፣ 121፣ 122፣ 123፣ መሃል ላይ ደግሞ 255። መሃለኛው የተበላሸ ፒክስል ነው። የዘጠኙን አማካይ ብንወስድ 135 ይሆናል፤ አንዱ ብልሹ ሌሎቹን ሁሉ በክሏቸዋል። በአማካዩ ፋንታ ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን አምስተኛውን ብንወስድ ግን 121 እናገኛለን። ብልሹው ከሰልፉ ጫፍ ቆሞ ቀረ፣ ለውጤቱም ምንም አላዋጣም። ይህ ሚዲያን ማጣሪያ ይባላል። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆን ቱኪ በ1970ዎቹ ለተከታታይ ቁጥሮች ማለስለሻ ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ዛሬ በብዙ የፋብሪካ ካሜራዎች ውስጥ አለ።

አሁን በሌላ ገጽ ላይ ቀዳዳ እንሥራ። የቡና ፍሬን የምትበሳው ትንሽ ጥንዚዛ የምትተወው ቀዳዳ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ሊሆን ይችላል። አንዱ ፒክስላችን 0.1 ሚሊሜትር ስለሆነ ቀዳዳው ሦስት በሦስት፣ ማለትም ዘጠኝ ክፍል ይይዛል። እነዚህን ዘጠኝ ክፍሎች በእርሳስ ያጥቁሯቸው፤ ዋጋቸው 40 ይሁን፣ ዙሪያው ሁሉ 120። ያንኑ ሦስት በሦስት ሚዲያን እናሳልፍበት። የቀዳዳው መሃል ላይ ስንቆም ዘጠኙም ጥቁር ናቸው፣ ይቆያል። የጎኑ ክፍል ላይ ስንቆም ከዘጠኙ ስድስቱ ጥቁር ናቸው፣ ይቆያል። ጥጉ ላይ ስንቆም ግን ጥቁሮቹ አራት ብቻ ናቸው፤ አምስተኛው ቁጥር 120 ስለሆነ ጥጉ ይነጣል። አራቱም ጥጎች ተበልተው ቀዳዳው የመስቀል ቅርጽ ያላቸው አምስት ክፍሎች ሆኖ ይቀራል። አሁንም ይታያል።

ማጣሪያውን አምስት በአምስት እናድርገው። ዙሪያችን 25 ክፍል አለ፤ መሃል ላይ የሚወሰደው 13ኛው ቁጥር ነው። የቀዳዳው እምብርት ላይ ብንቆም እንኳ ጥቁሮቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ 13ኛው ቁጥር 120 ነው። እምብርቱም ነጣ። ቀዳዳው አንድም ምልክት ሳይተው ጠፋ። ምስሉ አሁን ለስላሳና ንጹሕ ነው፣ ለዓይን ያምራል፣ የተበላው ፍሬም ጤነኛ ተብሎ ወደ ጆንያው ይገባል። ማጣሪያው አልተበላሸም፤ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። ከእሱ መስኮት ግማሽ ያነሰ ነገር ሁሉ ለእሱ ኖይዝ ነው።

ስለዚህ ምስሉ ንጹሕ እንዲመስል ብሎ ማጣሪያን ማጠንከር ለሞባይል ፎቶ እንጂ ለመለያ ማሽን አይበጅም። ከናሙና ተምረው ኖይዝ የሚያጠፉ አዳዲስ ፕሮግራሞች ላይ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጤነኛ ቡና ብቻ አይቶ የተማረ ማጽጃ ቀዳዳውን በጤነኛ ቡና መልክ ሊሞላው ይችላል። የሚሻለው ምስሉን በመጠኑ ብቻ አጽድቶ ውሳኔው ላይ መጠንቀቅ ነው። ኖይዝ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይወጣል፤ ጉድለት ግን ተያይዞ ይገኛል። ማሽኑ ቢያንስ አራት የተጎራበቱ ጥቁር ፒክስሎች ካላየ አየር አይተፋም ቢባል፣ አብዛኛው ኖይዝ ይታለፋል፣ ቀዳዳው ግን ሳይነካ ይቆያል። ማሽኖቹ ላይ የጉድለቱን መጠንና የድምቀቱን ልክ ለየብቻ ማስተካከያ የሚኖረው ለዚህ ነው።

አምስት በአምስት ማጣሪያ አንድ መስመር ላይ ለመሥራት ከላዩ ሁለት፣ ከታቹ ሁለት መስመር ይፈልጋል። ካሜራው ግን በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚሰጠው። ያለፉት አራት መስመሮች እንግዲህ የሆነ ቦታ መቆየት አለባቸው። ባፈር የሚባለው ይህ ጊዜያዊ ማቆያ ነው። መስመሩ 2048 ፒክስል ቢኖረውና ለእያንዳንዱ አንድ ባይት ብንመድብ አራቱ መስመሮች የሚይዙት 8 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ከምንም አይቆጠርም። ዋጋው የሚከፈለው በጊዜ ነው። ከታች ያሉት ሁለት መስመሮች እስኪደርሱ መጠበቅ ስላለበት ውጤቱ በ66 ማይክሮሴኮንድ ይዘገያል። አንድ ሴንቲሜትር የሚረዝመውን ፍሬ ሙሉውን አይቶ ለመወሰን ደግሞ 100 መስመር ማቆየት ያስፈልጋል፤ 3.3 ሚሊሴኮንድ ሄደ ማለት ነው። ከ45ቱ ሚሊሴኮንድ ላይ እንዲህ እየተቆነጠረ ይሄዳል።

ከመዘግየቱ ይበልጥ የሚጎዳው ግን የመዘግየቱ መለዋወጥ ነው። ሁልጊዜ 20 ሚሊሴኮንድ የሚዘገይ ካሜራ ችግር የለበትም፤ ቫልቩን በዚያው ልክ ማስላት ይቻላል። አንዴ 5፣ አንዴ 20 ሚሊሴኮንድ የሚዘገይ ከሆነ ግን በመካከሉ ባለው 15 ሚሊሴኮንድ ፍሬው 5 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። አየሩ ከኋላው ያለውን ጤነኛ ፍሬ መትቶ ይጥላል፣ ጥቁሩ ያልፋል። ተራ ኮምፒዩተር ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ስለሚያከናውን መቼ እንደሚመልስ ቃል አይገባም። ስለዚህ የማጽዳቱና የመለየቱ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ካሜራው አጠገብ ባለና ለዚሁ ብቻ በተዋቀረ ቺፕ ላይ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። 2048 ፒክስል በ30,000 መስመር፣ በሦስት ቀለም ሲባዛ በሴኮንድ 184 ሜጋባይት ይሆናል፤ የፊቱና የኋላው ካሜራ ሲደመር 368። በሴኮንድ አንድ ጊጋቢት የሚያስተላልፈው የተለመደው የኔትወርክ ገመድ ከ125 ሜጋባይት በላይ መሸከም አይችልም።

ካሜራና ማቆያ ከጥንት ዘመዳሞች ናቸው። ለዲጂታል ካሜራ በር የከፈተው ሲሲዲ የተባለው ቺፕ በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ሲታሰብ ለካሜራ አልነበረም። ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ይፈልጉ የነበረው አዲስ ዓይነት የሚሞሪ ቺፕ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙላትን ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ቀጣዩ እያሻገረ የሚያቆይ። ብርሃን ያንን ጉድጓድ ሊሞላው እንደሚችል ሲታወቅ ሚሞሪው ዓይን ሆነ፣ ሁለቱም ሰዎች በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ዛሬ አብዛኞቹ የፋብሪካ ካሜራዎች ሲሞስ በሚባለው ቺፕ ነው የሚሠሩት። ሙሉ ምስል በአንድ ቅጽበት ከሚያነሱት ውስጥ ብዙዎቹ በእያንዳንዱ ፒክስል ጎን ከብርሃን የተጋረደ ትንሽ ማቆያ አላቸው። ሚሊዮን ፒክስሎች እኩል ብርሃን ተቀብለው እኩል ወደ ማቆያቸው ያሳልፋሉ፣ ከዚያ ተራ በተራ ይነበባሉ። ይህ ባይኖር የሚሮጥ ጠርሙስ በምስሉ ላይ የተንጋደደ ይሆን ነበር፤ የላይኛው ረድፍ ከታችኛው ቀድሞ ስለሚነሳ።

ጠርሙስ ካልን፣ ባፈር የሚችለውንና የማይችለውን የጠርሙስ መሙያ መስመር ላይ ማየት ይቀላል። አንድ የ5 ሜጋፒክስል ምስል 5 ሜጋባይት ነው እንበል። ካሜራው በሴኮንድ 75 ምስል ማንሳት ከቻለ 375 ሜጋባይት ያመርታል፤ ገመዱ ግን በሴኮንድ የሚወስደው 120 ያህል ነው። ልዩነቱ፣ 255 ሜጋባይት፣ በየሴኮንዱ ካሜራው ውስጥ ይጠራቀማል። 500 ሜጋባይት ማቆያ ያለው ካሜራ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ይሞላል። ጠርሙሶቹ ለአንድ ሴኮንድ ተግተልትለው መጥተው ከዚያ ፋታ የሚሰጡ ከሆነ ይህ ይበቃል፤ በፋታው ጊዜ ባፈሩ ይራገፋል። ያለማቋረጥ የሚመጡ ከሆነ ግን ባፈሩን አሥር እጥፍ ማሳደግ የሚሞላበትን ጊዜ ከ2 ወደ 20 ሴኮንድ ከመግፋት በቀር ምንም አይፈይድም። ባፈር ግርግርን ያስተናግዳል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ሰው ፎቶ በላይ በላይ ሲያነሳ ሞባይሉ ድንገት እምቢ ብሎ የሚያስጠብቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኮምፒዩተሩም በራሱ በኩል ጥቂት ማቆያዎችን በክብ አሰልፎ ይጠብቃል። አንዱ ሲሞላ ፕሮግራሙ እሱን ይመረምራል፣ በዚያ መሃል ካሜራው ቀጣዩን ይሞላል። ሁሉም ተይዘው ሳለ አዲስ ምስል ከመጣ የሚገባበት የለውም፣ ይጣላል። አንድ ምስል መጣሉ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው መጣሉ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። 41ኛው ምስል ጠፍቶ 42ኛው በእሱ ቦታ ከተቆጠረ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ በአንድ ጠርሙስ ይዛነፋል፤ የተሰነጠቀው ያልፋል፣ ደህናው ይገፋል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም ትክክል ይመስላል። በዚህም የተነሳ እያንዳንዱ ምስል ተራ ቁጥሩንና የተነሳበትን ሰዓት ይዞ ይጓዛል። በ2006 የወጣው ጊግኢ ቪዥን የተባለው የፋብሪካ ካሜራዎች ስምምነት በኔትወርክ ላይ የጠፋ ቁራጭ እንደገና እንዲላክ የሚጠየቅበት መንገድም አለው። እንደገና ለመላክ ደግሞ ካሜራው ምስሉን ገና ያልጣለው መሆን አለበት። እዚህም ባፈር ነው።

ምስል ለምርመራ ሲፈለግ ባፈር ሌላ ውለታም ይውላል። ማሽን በድንገት ሲሰበር ወይም ጠርሙስ ሲፈነዳ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሴኮንዶች ምን እንደተፈጠረ ማየት የሚቻለው ካሜራው ሳይታክት በክብ እየጻፈ፣ አሮጌውን በአዲስ እየተካ ከነበረ ብቻ ነው። አደጋው ሲደርስ መጻፉን ያቆማል፣ ያለፈው በእጁ ይቀራል።

ወደ ቡናው ስንመለስ፣ ይህ ሁሉ ተሠርቶም ማሽኑ ብቻውን አይጨርሰውም። አንድ የአየር ትፋት ከጉድለተኛው ጋር አጠገቡ የነበሩ ጤነኞችንም ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ የተገፋው ቡና ብዙ ጊዜ በሌላ አሸንዳ ዳግመኛ ያልፋል። ከማሽኑ በኋላም በብዙ መጋዘኖች ለቃሚ ሴቶች ቁጭ ብለው የቀረውን በእጃቸው ያጣራሉ። የእነሱ ዓይን ፍሬውን አገላብጦ ያያል፤ ካሜራው የሚያየው በወደቀበት አኳኋን ብቻ ነው።

ማሽኑን የሚያስተካክል ሰው ማጣሪያው ስንት ጉድለት እንደሚያጠፋበት ለማወቅ የሚችልበት ቀላል መንገድ አለ። የተበሱ 100 ፍሬዎች ቆጥሮ፣ በማይለቅ ቀለም ጫፋቸውን ትንሽ ምልክት አድርጎ፣ ምልክቱ ራሱ ለካሜራው ጉድለት እንዳይመስል ተጠንቅቆ፣ ከጤነኛ ቡና ጋር ቀላቅሎ ማሳለፍ ነው። አንዴ ማጣሪያውን አጥፍቶ፣ አንዴ አብርቶ ይሞክረዋል፤ በየጊዜው ስንቱ እንደተገፋና ስንት ጤነኛ አብሮ እንደሄደ ይቆጥራል። ማጣሪያው ሲበራ የሚገፉት የተበሱ ፍሬዎች ካነሱ የማጣሪያው መስኮት ለዚያ ቀዳዳ ሰፍቷል። ሲጠፋ ደግሞ ብዙ ጤነኛ የሚገፋ ከሆነ መጀመሪያ መስታወቱን ይጥረግ፣ ቀጥሎ የመብራቱን ድምቀት ይለካ፤ የሶፍትዌሩን ቅንብር የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።